የጉበት ካንሰርን በሌዘር ሙቀት ማከም፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ አንጻር

በሌዘር ሙቀት የሚደረገው ሕክምና ሆድ ሳይከፈት፣ በቀጭን መርፌ ውስጥ ወደ ዕጢው በሚዘልቅ ኦፕቲካል ፋይበር (የሌዘሩን ብርሃን በሚያስተላልፍ ቀጭን ክር) የካንሰሩን ሕዋሳት በሙቀት የሚገድል ዘዴ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረበው እንግሊዛዊው ሐኪም ስቴፈን ባውን ሲሆን፣ በኋላ ለጉበት ዕጢ በስፋት ከሠሩበት መካከል የጣሊያን ሐኪሞች ይጠቀሳሉ።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ ከ1 ሚሊ ሜትር የሚቀጥኑ እስከ 4 የሚደርሱ መርፌዎችን ዕጢው ውስጥ ያስገባል። በተለመደው አሠራር የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖ ሜትር የሆነ ብርሃን በእያንዳንዱ ፋይበር በ5 ዋት ኃይል ለ6 ደቂቃ ያህል ይለቀቃል፤ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ የሕዋሱ ፕሮቲን ይረጋና ሕዋሱ ወዲያው ይሞታል። በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ከመርፌው ጫፍ እየሰፋ የሚሄድ ነጭ ጥላ ይታያል። ጥላውን የሚፈጥረው ከሙቀቱ የሚነሳው የጋዝ አረፋ ስለሆነ የሞተውን ክፍል ትክክለኛ ስፋት አያሳይም፤ ውጤቱ የሚረጋገጠው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ በደም ሥር መድኃኒት ተሰጥቶ በሚነሳ ሲቲ ስካን ነው።

ሕክምናው ይበልጥ የሚሳካው ዕጢው ከ3 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ ነው። ትልቅ የደም ሥር አጠገብ ያለ ዕጢ በሚፈሰው ደም ስለሚቀዘቅዝ ጠርዙ ሳይሞት ሊቀር ይችላል፤ ሆዱ ውኃ የቋጠረ ወይም ደሙ በቀላሉ የማይረጋ ታማሚም ለመድማት ይጋለጣል። ራዲዮፍሪኩዌንሲና ማይክሮዌቭ የተባሉት የሙቀት ሕክምናዎች በዓለም ላይ ይበልጥ የተስፋፉ ናቸው፤ የሌዘሩ ብልጫ መርፌው መቅጠኑ ነው።

በወሎ ዋናው ጥያቄ ዕጢው ትንሽ ሳለ መገኘቱ ነው። ሕዝቡ «የወፍ በሽታ» ከሚለው ሕመም መንስኤዎች አንዱ የሆነው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ፣ ዓይንን ቢጫ ሳያደርግም ለዓመታት ጉበትን ሊጎዳና ለካንሰር ሊዳርግ ይችላል። በኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉ ቆላማ ቀበሌዎች የሚመረተው ማሽላ እርጥበት ባለው ጎተራ ወይም ጉድጓድ ከሻገተም አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል፤ ይህ መርዝ ከቫይረሱ ጋር ሲደመር አደጋውን እጅግ ያባብሰዋል። ሕመምተኛው ቀኝ ጎኑን ሲያመው፣ ሲከሳና ሆዱ ሲነፋ ወደ ሐኪም ከሄደ ብዙውን ጊዜ ዕጢው ከሌዘሩ አቅም በላይ ሆኗል። ስለዚህ ጉበታቸው በሲሮሲስ የጠነከረባቸው ሰዎች በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ እንዲነሱ ይመከራል፤ ይህ ምርመራ ደሴ ከተማ ውስጥ ይገኛል። የአካባቢው ዋና የሪፈር መዳረሻ የሆነው የደሴ ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ መዘረፉ እጅግ የሚያሳዝነውም፣ የዚህ ሁሉ ሕክምና መነሻ የምርመራ መሣሪያ በመሆኑ ነው።

ትንሽ ዕጢ ተገኝቶበት 400 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው አዲስ አበባ ሪፈር የሚጻፍለት ታማሚ ከወረቀቱ ጋር የሲቲ ስካኑን ምስል በሲዲ፣ የጉበት ሥራና የደም መርጋት ምርመራ ውጤቶቹን አብሮ ቢይዝ ይጠቅመዋል፤ ሐኪሞቹ በሙቀት ሕክምና፣ በቀዶ ሕክምናና በመድኃኒት መካከል የሚመርጡት እነዚህን አይተው ነው።