«ከየት አምጥቶ ገዛው?» ካሜራ ስለያዙ የወሎ ልጆች የሚወራውና እውነታው

ደሴ ፒያሳ ላይ አንድ ልጅ ባጃጅ ገዝቶ ቢመጣ «እንኳን ደስ አለህ፣ ከዓይን ያውጣህ» ይባላል። ከባጃጁ በብዙ የሚረክስ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቢመጣ ግን «ይሄ ደግሞ ከየት አምጥቶ ገዛው?» ይጀመራል። ባጃጅ የሥራ ዕቃ ነው፣ ካሜራ ግን ቅንጦት ነው ብለን የያዝነው ነገር አለ። ኮምቦልቻም ወልዲያም የሚባለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። የልጆቹን የራሳቸውን ስሕተትም አልተውኩም።

«የሀብታም ልጅ ነው»

አንዳንዱ ነው። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ ግን አይደሉም።

መጀመሪያ ነገር፣ እዚህ የምናየው ካሜራ ብዙውን ጊዜ ከካርቶን የወጣ አዲስ አይደለም። ሰርግ አዳራሽ ውስጥ ዛሬም የሚሠራው ካኖን 5ዲ ማርክ 3 የወጣው በአውሮፓውያኑ 2012 ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ከሁለትና ከሦስት እጅ አልፎ ነው። ሻተሩ (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው ክፍል) 150,000 ጊዜ ያህል እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ፣ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ተነስቶበታል?» ብሎ ነው፤ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ኪሎሜትሩን እንደሚያየው። ካኖንም ኒኮንም ፊታቸውን ወደ ሚረርለስ፣ ማለትም ውስጡ መስታወት ወደሌለው አዲስ ዓይነት ካሜራ፣ ካዞሩ ወዲህ ደግሞ እነዚህ የቆዩ ካሜራዎች በውጭ ገበያ ረክሰዋል።

ገንዘቡስ? እቁብ ደርሶት ነው። ወይም ሦስት ጓደኛሞች አዋጥተው ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከካሜራው ጀርባ ዓረብ ሀገር ያለች እህት አለች። ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ፣ ለእናቷ የቤት ቆርቆሮ ገዝታ፣ የተረፈውን ለወንድሟ የላከች። ለምን ለካሜራ? እንደ እኩዮቹ በጅቡቲ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን በረሃ ወደ ሳዑዲ እንዳይሄድባት ነዋ! ይህን የማያውቅ ሰው ነው «ጠገበ» የሚለው።

ሌላም ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ በፊት የገዛ ልጅ ካሜራው ቁጭ ባለበት በብር ተወደደለት። ጎረቤት የሚሰማው የዛሬውን ዋጋ ነው፤ ልጁ ያወጣው ግን የዱሮውን ነው። ሌንሱ ወድቆ ቢሰበርበት ደግሞ የሚተካው በዛሬው ነው። ይሄኛው ሂሳብ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

«አንድ ቀን ጠቅ ጠቅ አድርጎ ስንት ሺህ ይዘርፋል!»

ያቺ «አንድ ቀን» ማለዳ ሙሽሪት ስትኳኳል ትጀምራለች። ከዚያ ሚዜዎቹ፣ ምርቃቱ፣ መናፈሻው፣ አዳራሹ። ማታ እግሩ አብጦ ይገባል። መልስም አለ። ከዚያ ደግሞ ሺህ ፎቶ መርጦ፣ ኤዲት አድርጎ፣ አልበም አሳትሞ፣ ለረዳቱ ከፍሎ ነው የሚተርፈው የሚተርፈው። የሙሽራው አጎት «እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ አስተካክልልኝ» ብሎ ከወር በኋላ መደወሉን አልቆጠርኩም።

ሥራውም ዓመቱን ሙሉ የለም። የወሎ ፎቶ አንሺ ሁለት ጾም ይጾማል። በሁዳዴ የክርስቲያኑ ሰርግ ይቆማል፣ በረመዳን የሙስሊሙ። በ2017ም በ2018ም ሁለቱ ጾሞች አንድ ላይ ገጠሙ። የሥራ ፈቱን ጊዜ አሳጠረው የሚል አለ፤ እነዚያን ሳምንታት ያለ ምንም ገቢ ያሳለፈውን ልጅ ግን መጠየቅ ነው። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ምርቃት ካልተገኘ በቀር ቁጭ ነው። በጥር እና ከፋሲካ በኋላ የተገኘችው ገንዘብ ነች ዓመቱን የምትዘልቀው።

«ስልክ እያለ ካሜራ ምን ያደርግለታል?»

ስልኩ 108 ሜጋፒክስል (ፎቶው የሚሠራባቸው ነጥቦች ብዛት በሚሊዮን) ይላል፣ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ካሜራ ደግሞ 24። ስለዚህ ስልኩ በለጠ? አልበለጠም። ዋናው ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ስፋት ነው። እንደ ሶኒው ያለ የፉል ፍሬም ካሜራ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፤ የስልኩ የጣት ጥፍር ቢያክል ነው። ሐይቅ ዳር በጠራራ ፀሐይ ከሆነ እውነት ነው፣ ስልክ ይበቃል። ላሊበላ በገና ሌሊት፣ በጧፍ ብርሃን፣ ከአለት በተፈለፈለ ቤተ መቅደስ ደጅ ግን ልዩነቱ ይታያል።

«ካሜራ የያዘ ነገር ፈላጊ ነው»

ይህን አባባል አላፌዝበትም። ወሎ ከካሜራ ጋር መጥፎ ትዝታ አላት። በ1966 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያሳየው የወሎ ረሀብ ነበር። በጥቅምት 1977 ኬንያዊው መሐመድ አሚን የቀረጸው፣ ቢቢሲም ለዓለም ያሰራጨው፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችውን ኮረምን ነው። ያ ምስል ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ የዕርዳታውን በር የከፈተው እሱ ነው። ግን ለዓመታት የወሎ ፊት ሆኖ የቀረውም እሱ ነው። የውጭ ሀገሩ ሰው ያን ሁሉ መሣሪያ ተሸክሞ ሲመጣ «ከየት አምጥቶ ገዛው?» ያለ ሰው አልነበረም።

ዛሬ የላስታ ልጅ አሸንድዬን፣ የቆቦ ልጅ ሶለልን፣ የደሴ ልጅ አይጠየፍ አዳራሽን ሲያነሳ፣ ወሎ ራሷን ራሷ እያሳየች ነው። ይህ ቀላል ነገር አይመስለኝም።

ፈቃድ መጠየቅ ግን የግድ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 መሠረት የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ መስቀል፣ ማባዛት ወይም መሸጥ አይቻልም። ለሕዝብ ጉዳይና ለታወቁ ሰዎች የተተወ ልዩ ሁኔታ አለ። ባቲ ሰኞ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ እናት ግን «ልጄ፣ እኔን አታንሳኝ» ካለች ነገሩ አበቃ።

«ውድ ካሜራ ካለኝ ጥሩ ፎቶ አነሳለሁ»

ይሄኛው የልጆቹ ነው። አዲስ አበቤው ግርማ በርታ በ2016 እ.ኤ.አ. ጌቲ ኢሜጅስ የተባለውን የፎቶ ድርጅት የኢንስታግራም ሽልማት ያገኘው በስልክ ባነሳቸው ፎቶዎች ነው። ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

«የጠየቀኝ ሁሉ ምቀኛ ነው»

ይሄም የልጆቹ ነው። ካሜራውን በፌስታል ጠቅልሎ የሚሄድ ልጅ አውቃለሁ። ሌባ ፈርቶ ከሆነ ልክ ነው፤ እሱ ግን የሚፈራው ዓይን ነው። የሰፈር ሽማግሌ «ስንት ገዛኸው ልጄ?» ሲሉት ፊቱ ይለወጣል። እሳቸው ግን በሬም ሲገዛ፣ ቤትም ሲሸጥ ዋጋ ይጠይቃሉ። ከጠየቁት ውስጥ ግማሹ ጭንቀት ነው፤ ዕዳ ውስጥ ገብቶ እንዳይሆን፣ የሰው ዕቃ ይዞ እንዳይሆን። «ጋሼ፣ በእቁብ ነው የገዛሁት፣ ሥራዬ ነው» ቢላቸው መርቀውት ይሄዳሉ።

ቅናት የለም እያልኩ አይደለም። ኖሮም ይጎዳል። ግን የሚጎዳው ቅናት የሚመጣው ከሽማግሌው ሳይሆን ከሙያ ጓደኛው ነው። ጓደኛው ቀብድ ሊቀበል ሲል ደንበኛውን ለብቻ ይጠራና «ካሜራው እኮ የራሱ አይደለም፣ ኪራይ ነው» ይላል። ወይም ዋጋውን በግማሽ ወርዶ ሥራውን ይነጥቃል፤ በዚያ ዋጋ ሁለቱም አያተርፉም።

ካሜራ መከራየት ደግሞ ነውር አይደለም። ሙሽሮች ካሜራው የማን እንደሆነ ከሚጠይቁ፣ ከዚህ በፊት የሠራውን አንድ ሙሉ ሰርግ አሳየን ቢሉ ይሻላል፤ አሥር የተመረጡ ፎቶዎች ሳይሆን ሙሉውን። በሁለት ሚሞሪ እኩል ይቀርጽ እንደሆነም ይጠይቁ። 5ዲ ማርክ 3ም ሶኒ ኤ7 ማርክ 3ም ሁለት ሚሞሪ ይይዛሉ። አንዱ ቢበላሽ ሰርጉ በሁለተኛው ላይ ይገኛል።