ሕያው ሙዚየም ምንድን ነው?

ለአዲስ አበባ ልጅ ነገሩን ማስረዳት ቀላል ነው። አራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። እዚያ ያሉት አውሬዎች ቆዳቸው ተሞልቶ የቆሙ ናቸው፤ ንቅንቅ አይሉም። የሚያገሳውን ለማየት ደግሞ ስድስት ኪሎ፣ አንበሳ ግቢ ነበር የሚኬደው። እንግዲህ ሁለቱን አንድ አጥር ውስጥ አስገቧቸው። ሕያው ሙዚየም በግርድፉ ይኸው ነው።

በግርድፉ ያልኩት፣ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻውን ስለማይበቃ ነው። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ፣ ቱሳን ከተማ አጠገብ የአሪዞና-ሶኖራ በረሃ ሙዚየም አለ። የተከፈተው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። ሙዚየም ይባል እንጂ አብዛኛው ክፍሉ ጣሪያ የለውም። ኮፍያና ውሃ ያልያዘ ጎብኚ አለቀለት። ቀጭኔ አያለሁ ብሎ የመጣ ልጅም ማኩረፉ አይቀርም፤ የሚታየው የዚያው በረሃና የአካባቢው ፍጥረት ብቻ ነውና። ዋናው ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው።

ሳጉዋሮ የሚባለውን ግዙፍ ቁልቋል ተመልከቱ። ከ12 ሜትር በላይ ይረዝማል። ግንደ ቆርቁር ግንዱን ፈልፍላ ጎጆ ትሠራበታለች። ተክሉ ታዲያ ውሃው እንዳያልቅበት ቁስሉን በጠንካራ ቅርፊት ይደፍነዋል። ወፏ ስትለቅ ድንቢጥ የምታክል ጉጉት ትገባበታለች። ቁልቋሉ ሞቶ ሲበሰብስ ያ ቅርፊት ብቻውን እንደ ቅል ይቀራል። ይህን ቅል መስታወት ውስጥ ብቻ ብታዩት ምኑም አይገባችሁም። ቁልቋሉን፣ ወፏንና ጉጉቷን እዚያው ስታዩ ግን ማንም ሳያስረዳችሁ ይገባችኋል።

ሌላው ሥራ ዘር ማትረፍ ነው። የሜክሲኮ ተኩላ ከዱር ሊጠፋ ሲቃረብ፣ ከ1977 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የመጨረሻዎቹ ጥቂቶች ሜክሲኮ ውስጥ በሕይወት ተይዘው እንዲዋለዱ ተደረገ። ካራቧቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ሙዚየም ነው። በ1998 ተኩላዎቹ ወደ አሪዞና ዱር ተመለሱ።

ዛሬ በሕይወት ያሉት የሜክሲኮ ተኩላዎች በሙሉ የ7 ተኩላዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ወንድና ሴት ከመገናኘታቸው በፊት የዘር መዝገብ ይገለጣል። እኛ አገር ለሙሽሮች ሰባት ቤት እንደሚቆጠረው መሆኑ ነው። ችግሩ፣ ተኩላዎቹ ጋ የትም ቢቆጠር ዞሮ ዞሮ ዘመድ ነው የሚገኘው። የሚፈለገው ራቅ ያለው ዘመድ ነው፤ እሱም አንዳንዴ ከሌላ ከተማ ተጭኖ ይመጣል።