«ማኔጅመንት? እሱማ ወሬ ነው»

የዲፓርትመንት ምርጫ በደረሰ ቁጥር ያው ምክር ይመጣል፦ «ሒሳብ ካልሆነልህ ማኔጅመንት ግባ።» አጎት ይመክራል፣ ጎረቤት ይመክራል። ምክሩን አምኖ የመጣውን ልጅ ስታቲስቲክስ ላይ ሲደነግጥ የማየው ግን እኔ አስተማሪው ነኝ።

ስሌት የሌለበት ማኔጅመንት ካለ ጠቁሙኝ፣ እኔም ልዛወር። ፍሬሽማን ላይ ማቲማቲክስ አለ። ከዚያ አካውንቲንግ፣ ኮስት አካውንቲንግ፣ ፋይናንስ፣ ኦፕሬሽንስ ሪሰርች ይከተላል።

ክፍል ውስጥ የምሰጣት አንዲት ጥያቄ አለች። አንድ ነጋዴ በዓመት 3,600 ካርቶን ሳሙና ይሸጣል። አንዴ ባዘዘ ቁጥር ለማስጫኛና ለውጣ ውረዱ 500 ብር ይወጣል። አንድ ካርቶን ዓመቱን ሙሉ መጋዘን ቢቀመጥ ኪራዩ፣ የባንክ ወለዱና ብልሽቱ ተደምሮ 40 ብር ይበላል። በአንዴ ስንት ይዘዝ? ክፍሉ በአንድ ድምፅ «በብዛት ይግዛ፣ የመኪና ይቆጥባል!» ይላል። እሺ፣ በዓመት ሁለቴ 1,800 ይግዛ። ማዘዣው 1,000 ብር ብቻ ነው፤ ግን እየተሸጠ ስለሚያልቅ በአማካይ ግማሹ፣ 900 ካርቶን፣ መጋዘን ይተኛል፣ እሱ 36,000 ብር ነው። ድምሩ 37,000። በየወሩ 300 ቢያዝስ? ማዘዣው 6,000፣ በአማካይ የ150 ካርቶን ማስቀመጫው 6,000፣ በቃ 12,000 ብር። 300ን የምታወጣውን ቀመር ፎርድ ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1913 ነው ያሳተማት።

ሁሌም አንድ የነጋዴ ልጅ እጁን ያወጣል፦ «መምህር፣ ዋጋው እየጨመረ ነው እኮ!» ጎበዝ፣ አሁን ገና መማር ጀመርን። ልዩነቱን 25,000 ብር ለ3,600 አካፍለው። አስቀድሞ መግዛቱ በካርቶን በአማካይ ከ7 ብር በላይ ካተረፈለት ያከማች፣ ካላተረፈለት ይተወው። ይሄ ነው እንግዲህ ወሬ የሚሉት።

«የተመረቀ ማናጀር ይሆናል።» አይሆንም። ጁኒየር ኦፊሰር ይሆናል፤ ባንክ ከገባ መስኮት ላይ ተቀምጦ ብር ይቆጥራል።

«መሪነት ተፈጥሮ ነው፣ አይማሩትም።» ድፍረትና አንደበት አብሮ ይወለድ ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ከማንም ጋር አልተወለደም። «ለመሪነት የተፈጠረ» የሚባል አንድ የማውቀው ኃላፊ፣ ሦስት ዓመት የሠራችን ሠራተኛ «ሥራ ታጓትታለሽ፣ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» ብሎ በቃል አሰናበታት። ምክንያቱ በቂ ቢሆን እንኳ ለሦስት ዓመት አገልግሎት የሁለት ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገው ነበር። ከሰሰች፣ ረታች፣ ድርጅቱም ካሣ ከፈለ። የሰው ኃይል አስተዳደር ኮርስ ላይ ይሄ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ትምህርት ነው።

«የመውጫ ፈተናውን ሃንድአውት ሸምድደህ ታልፈዋለህ።» ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪ አያገኝም፣ የሸመደዱትን ጠይቋቸው።

አሁን ለመመዝገብ ለተሰለፋችሁ፦ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ደብተራችሁን አትጣሉ። ኤክሴል ዘንድሮውኑ ጀምሩ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እስኪመጣ አትጠብቁ። ክረምት ላይ ሰፈራችሁ ያለ አንድ ሱቅ ሄዳችሁ የአንድ ወር ግዢውንና ሽያጩን እንዲያሳያችሁ ባለቤቱን ለምኑ። መዝገብ የለኝም ካላችሁ (ብዙዎቹ የላቸውም) እናንተው ጀምሩለት፤ ከብዙ አሳይመንት የበለጠ ታተርፉበታላችሁ።