«አስራ ሁለት» ሲባል ልጁ ለምን 102 ይፅፋል?

ፍኖተ ሰላም ያለው የእህቴ ልጅ አንደኛ ክፍል ነው፣ «አስራ ሁለት ፃፍ» ስትለው 102 ብሎ ቁጭ ያደርገዋል፣ እሷም ትቆጣዋለች። ኧረ አትቆጡት! ልጁ እኮ የሰማውን ነው የፃፈው፣ አስር ሲሰማ 10 አለ፣ ሁለት ሲሰማ 2 ጨመረበት። በግዕዝ ቁጥር ቢሆንማ ልክ ነበር፣ ፲ እና ፪ ተደርድረው ፲፪ ይሆናሉ፣ ፲ ራሱን የቻለ ምልክት ነዋ፣ ዜሮ የሚባል ነገርም የለም።

12 ላይ ግን 1ዱ አስር የሚሆነው የአስር ቤት፣ ማለትም ከቀኝ ሁለተኛው ቦታ፣ ስለተቀመጠ ብቻ ነው። ይሄን በወሬ ብትነግሩት አይገባውም። እኔ ስንደዶ ነው ያስያዝኩት፣ አስር ቆጥሮ በክር አሰረ፣ ከዛ አንዱን እስርና ሁለት ነጠላ ፊቱ አድርጌ «ስንት እስር? ስንት ነጠላ?» ስለው 1 እና 2 ብሎ ራሱ ፃፈው። 20 ላይ ደሞ ሁለት እስር አለ ነጠላ የለም፣ ዜሮዋ «የአንድ ቤት ባዶ ነው» ማለት ናት፣ እሷን ከተዋት 2ቱ ብቻውን ቀርቶ ሁለት ነጠላ ይሆንበታል። መደመር ላይ «አንድ ይያዛል» የሚባለውም ነጠላው አስር ሲሞላ ታስሮ ወደ አስር ቤት ስለሚሄድ ነው።