ሶኒፊኬሽን ምንድን ነው?

ቡና የሚባል ኮከብ አለ። የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ አቦል ትባላለች። ስሞቹ ከኢትዮጵያ ቀርበው በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ጸድቀዋል። አቦልን ግን በቴሌስኮፕም ቢሆን በዓይኑ ያያት የለም። የታወቀችው በስበቷ ኮከቡን ወዲህና ወዲያ ስትስበው ብርሃኑ ላይ የሚፈጠረው ጥቃቅን ለውጥ ለዓመታት ተለክቶ ነው። ተመራማሪዎቹ እጅ ላይ ያለው የቁጥር ሰንጠረዥ ነው።

ሶኒፊኬሽን እንዲህ ያለውን ቁጥር ወደ ድምፅ መለወጥ ነው። ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ ድምፁ ይቅጠን፣ ሲሸሽ ይወፍር እንበል። ወደ 1000 ቀን የሚጠጋው የአቦል ዙር በጥቂት ሰከንዶች ይሰማል። ምሕዋሯ የተለጠጠ ስለሆነ ዜማው እኩል አይሄድም፤ ዝግ ብሎ ይቆይና ድንገት ይወረወራል።

ስለዚህ ድምፁ ከጠፈር የተቀዳ አይደለም። ፌስቡክ ላይ የሚዘዋወረው «የብላክ ሆል ድምፅ» ትንሽ ይለያል፤ በፐርሲየስ የጋላክሲዎች ክምችት ጋዝ ውስጥ፣ መካከሉ ላይ ያለው ብላክ ሆል የሚፈጥረው እውነተኛ የግፊት ሞገድ በ2003 ተገኝቷል። ሆኖም ጆሮ እንዲሰማው ናሳ በ2022 ድምፁን 57 እና 58 ኦክታቭ ከፍ አድርጎታል፤ አንድ ኦክታቭ ማለት የሞገዱን ድግግሞሽ አንድ ጊዜ እጥፍ ማድረግ ነው።

ነገሩ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የፖርቶ ሪኮዋ ተመራማሪ ዋንዳ ዲያዝ መርሴድ ተማሪ ሳለች ዓይኗን አጥታ የጋማ ጨረር ፍንዳታዎችን በጆሮዋ አጥንታለች። የሚያዩ ባልደረቦቿም ከግራፉ ጋር ድምፅ ሲጨመርላቸው በመረጃው ጫጫታ (ትርጉም በሌለው የቁጥሮች መዋዠቅ) የተሸፈነ ምልክት በተሻለ እንደሚለዩ በሙከራ አሳይታለች። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይኼ ነው፤ ግራፍም ድምፅም የአንድ ሰንጠረዥ ሁለት መልኮች ከሆኑ፣ አንዱን ዋና ሌላውን ምጽዋት የሚያደርገው ልማድ ብቻ ነው።

ከስድስት ኪሎ ነጭ በትር ይዘው ወደ አራት ኪሎ የሚወርዱ ተማሪዎች ብርቅ አይደሉም። ሕግ ይማራሉ፣ ቋንቋ ይማራሉ። ፊዚክስ ላይ በሩ የሚጠበው «ግራፉን ተመልከቱ» ሲባል ይመስለኛል። መሣሪያው ውድ አይደለም፤ የከዋክብትን የብርሃን ለውጥ ወደ ድምፅ የሚቀይረው አስትሮኒፋይ በነጻ ይገኛል፣ ኮምፒውተርና ኢርፎን ይበቃዋል። የሚቀረው መምህሩ ድምፁን ከመክፈቱ በፊት ቅጥነቱ ምንን፣ ፍጥነቱ ምንን እንደሚያመለክት በአማርኛ መናገሩ ነው፤ ያለዚያ የሚያይም የማያይም ተማሪ የሚሰማው ጲጵታ ብቻ ነው።