ኤስሬክና የመብራት ቢል ቅናሽ ለየቅል ናቸው

ዲሲና ሜሪላንድ ጣራቸው ላይ ሶላር ያስተከሉ ወገኖች «ኤስሬክ ማለት ቢላችን ላይ የሚቀነሰው ነው ወይ?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቃሉ። ቢላችሁ ላይ የሚቀነሰው ሌላ፣ ኤስሬክ ሌላ። ኤስሬክ (SREC) ሶላሩ ኃይል ማመንጨቱን የሚያረጋግጥ፣ የሚሸጥ የምስክር ወረቀት ነው። ሶላሩ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ባመነጨ ቁጥር አንድ ይገኛል፤ ቤት ውስጥ የተጠቀማችሁበትም ጭምር ይቆጠራል። በዓመት 8,000 ካመነጨ 8 ኤስሬክ አላችሁ።

ታዲያ ዝም ብሎ አይመጣም። መጀመሪያ የአካባቢው ፐብሊክ ሰርቪስ ኮሚሽን (የመብራት አገልግሎት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት) ሲስተሙን ያጸድቃል፣ ከዚያ ኤስሬኮቹ በሚመዘገቡበት ጋትስ (GATS) በሚባለው መዝገብ ላይ አካውንት ይከፈታል። ወረቀቱ ከሰለቻችሁ ደላላ ድርጅቶች አሉ፤ ድርሻቸውን ግን ይቆርጣሉ። ዋጋው በገበያ ይወጣል ይወርዳል፤ የዲሲው ከሜሪላንዱ በብዙ ይበልጣል።

ሶላሩ በሊዝ (በኪራይ) ከሆነ ግን በከንቱ አትድከሙ። አብዛኛውን ጊዜ ኤስሬኩ የካምፓኒው ነው፤ ውሉን አንብቡት።