«ተገዢ» ተጠርጎ «ዜጋ»፦ ስለ አሜሪካ የነጻነት ሰነዶች የሚነገሩ ስሕተቶችና እውነታው

ቶማስ ጄፈርሰን በ1776 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የነጻነት መግለጫውን ሲያረቅ አንድ ቦታ ላይ ወገኖቹን «ተገዢዎች» ብሎ ጻፈ። ወዲያው ቀለሙ ሳይደርቅ ጠረገውና በላዩ «ዜጎች» አለበት። ከሥር የነበረውን ቃል የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች በ2010 በልዩ የፎቶ ቴክኖሎጂ አነበቡት። የሚገርመው በእኛም ቋንቋ «ዜጋ» በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመሬት ሰነዶች ውስጥ የባለ ርስት ጥገኛ ማለት ነበር። ቃሉ እዚህም እዚያም ረጅም መንገድ ተጉዟል።

የአሜሪካ ምሥረታ ሐሳብ በዚያች እርማት ውስጥ አለ። ሐሳቡና ሕጉ ግን የሰፈሩት በተለያየ ወረቀት፣ በተለያየ ዓመት ነው። ከታች ያሉት ስሕተቶች አብዛኞቹ አንዱን ወረቀት ከሌላው ከማደባለቅ የመጡ ናቸው።

«ነጻነት የታወጀው ጁላይ 4 ነው፤ መሥራቾቹም የዚያን ቀን ፈረሙ»

ከእንግሊዝ ለመለየት ድምፅ የተሰጠው ጁላይ 2 ነው። አሥራ ሁለት ቅኝ ግዛቶች ደገፉ፤ ኒው ዮርክ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ጆን አዳምስ በማግስቱ ለሚስቱ ሲጽፍ ወደፊት በየዓመቱ የሚከበረው ጁላይ 2 እንደሚሆን ተንብዮ ነበር፤ በሁለት ቀን ሳተ። ጁላይ 4 የጸደቀው ጽሑፉ ነው። ያን ሌሊት በፊላዴልፊያ የደንላፕ ማተሚያ ቤት ባወጣው ቅጂ ላይ የታተሙት የኮንግረሱ ፕሬዚዳንት የሃንኮክና የጸሐፊው የቶምሰን ስሞች ብቻ ናቸው።

ሁላችንም በሥዕል የምናውቀው፣ 56 ፊርማ ያለበት ብራና ግን የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። ርዕሱን ልብ ብሎ ለሚያይ ማስረጃው እዚያው አለ፤ የአሥራ ሦስቱ ግዛቶች «በሙሉ ድምፅ» የተሰጠ መግለጫ ይላል። ጁላይ 4 እንዲህ ማለት አይቻልም ነበር፤ ኒው ዮርክ የተስማማችው ጁላይ 9 ነው። አብዛኞቹ የፈረሙት ኦገስት 2 ነው። ከአርቃቂ ኮሚቴው አምስት አባላት አንዱ የነበረው ሮበርት ሊቪንግስተን ጭራሽ አልፈረመም።

ለሲቲዝንሺፕ የምትዘጋጁ ግን ይህን ዕውቀት ለሻይ ሰዓት አቆዩት። መግለጫው መቼ ጸደቀ ከተባላችሁ መልሱ ጁላይ 4፣ 1776 ነው። ከኦክቶበር 20፣ 2025 ጀምሮ ኤን-400 (የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ) ያስገባ ሰው ከ128 ጥያቄዎች እስከ 20 ይጠየቃል፤ 12 ከመለሰ ያልፋል። ዕድሜያቸው 50 ሆኖ ግሪን ካርድ ከያዙ 20 ዓመት የሞላቸው፣ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት የሞላቸው፣ አስተርጓሚ ይዘው በአማርኛ መፈተን ይችላሉ።

«ሕይወት፣ ነጻነትና ደስታን መሻት ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው»

ይህ ሐረግ ያለው በ1776ቱ መግለጫ ነው። መግለጫው ደግሞ ሕግ አይደለም። ከንጉሡ ለምን እንደተለዩ ለዓለም የተነገረበት የክስ ዝርዝር ነው። በእሱ ብቻ ተመሥርቶ ፍርድ ቤት የሚረታ የለም። ሕገ መንግሥቱ ከ11 ዓመት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 17፣ 1787 በ39 ሰዎች የተፈረመ ሌላ ሰነድ ነው። የግለሰብ መብቶች ዝርዝር የሌለው መሆኑ ብዙ ተቃውሞ አስነሣበት፤ ስለዚህ በ1789 ኮንግረስ 12 ማሻሻያዎች ለግዛቶች ላከ። አሥሩ ዲሴምበር 15፣ 1791 ጸደቁ። ዛሬ «አንደኛው ማሻሻያ» እያልን የምንጠራው በተላከው ዝርዝር ሦስተኛ ነበር። ከቀሩት ሁለት አንዱ፣ የኮንግረስ አባላትን ደመወዝ የሚመለከተው፣ በ1992 ጸድቆ 27ኛው ሆነ።

ደስታስ የት ሄደ? በአምስተኛው ማሻሻያ ቦታው በ«ንብረት» ተተክቷል፦ ማንም ሰው ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት ሕይወቱን፣ ነጻነቱን ወይም ንብረቱን አያጣም። አነጋገሩን በጥንቃቄ አንብቡት። ሥርዓቱ ከተጠበቀ መንጠቅ ይቻላል ማለት ነው። ከተማው መኪናችሁን ጎትቶ ቢወስድ ክርክራችሁ «ደስታዬን ነጠቁኝ» ሳይሆን «ሳይነገረኝና ሳልሰማ ወሰዱብኝ» ነው። ደብዳቤውን፣ ቀኑን፣ ይግባኝ የሚባልበትን ቀነ ገደብ ያዙ። ጉዳዩ የሚያዘው በዚያ ነው።

«ሕገ መንግሥቱ ጥቁር ሰው የሰው ሦስት አምስተኛ ነው ብሏል»

እውነቱ ከዚህ የከፋ ነው። አንቀጹ የሚያወራው ስለ ሰው ዋጋ ሳይሆን እያንዳንዱ ግዛት በተወካዮች ምክር ቤት ስለሚያገኘው ወንበር ብዛት ነው። የነጻ ጥቁሮች ቁጥር እንደ ማንኛውም ነጻ ሰው ሙሉ ይቆጠር ነበር። በሦስት አምስተኛ የተቆጠሩት በባርነት የተያዙት ናቸው፤ ሙሉ ይቆጠሩ ብለው የተከራከሩት ደግሞ ጌቶቻቸው ነበሩ። ምክንያቱን ሒሳቡ ያሳያል።

በ1790 ቆጠራ ቨርጂኒያ 747,610 ሰው ነበራት፤ ከዚህ ውስጥ 292,627ቱ በባርነት ላይ ነበሩ። አንድ ወንበር ለ33,000 ሰው ተመደበ። በባርነት ያሉት ጭራሽ ባይቆጠሩ ቨርጂኒያ 13 ወንበር ታገኝ ነበር። ሙሉ ቢቆጠሩ 22። በሦስት አምስተኛ ስሌት 19 አገኘች። ድምፅ መስጠት በማይችሉ ሰዎች ስም፣ እነሱኑ አስሮ ለማቆየት የሚውሉ ስድስት ተጨማሪ ወንበሮች ማለት ነው። ግዛቱን ወክለው ፕሬዚዳንት የሚመርጡት ኤሌክተሮች ብዛትም ከወንበሩ ጋር አብሮ ይጨምራል።

ጸሐፊዎቹ እፍረቱን ያውቁት ነበር። በ1787ቱ ጽሑፍ «ባርነት» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ የለም፤ «ሌሎች ሰዎች» እያሉ አልፈውታል። ቃሉ በስሙ የተጻፈው ባርነት ሲሻር ነው፤ በ1865፣ በ13ኛው ማሻሻያ። ጄፈርሰንም፣ ራሱ የባሪያ ባለቤት ሆኖ ሳለ፣ በረቂቁ ላይ የባሪያ ንግድን በንጉሡ ላይ በክስ መልክ አስፍሮ ነበር፤ ኮንግረስ አወጣው።

«ታዲያ መግለጫው ባዶ ቃል ነው» የሚሉም አሉ። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ ጁላይ 5፣ 1852 በሮቸስተር ከተማ ቆሞ ይህ በዓል ለባሪያ ምኑ ነው ብሎ ሲጠይቅ ወረቀቱን ቀዶ አልጣለም። ቃል የእምነት ዕዳ ነውና፣ በጻፉት ቃል ያዛቸው።

«የመናገር ነጻነት ስላለኝ አሠሪዬ ሊያባርረኝ አይችልም»

አንደኛው ማሻሻያ የሚጀምረው «ኮንግረስ … ሕግ አያወጣም» ብሎ ነው። የሚያስረው መንግሥትን ነው። መጀመሪያ ፌዴራሉን ብቻ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1833 መብቶቹ በግዛቶች ላይ አይሠሩም ብሎ ነበር። ያን የቀየረው የ1868ቱ 14ኛ ማሻሻያ ነው፤ ፍርድ ቤቱም ንግግርን በተመለከተ ይህን የተቀበለው በ1925 ነው። የግል ድርጅት፣ የፌስቡክ ገጽ አስተዳዳሪ፣ የዕድር ሰብሳቢ ከዚህ ውጭ ናቸው። የግል ድርጅት ሠራተኛ በሚጽፈው ፖለቲካ ሊባረር ይችላል፤ አንዳንድ ግዛቶች ብቻ የተለየ ሕግ አላቸው። ነገር ግን ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ከባልደረቦች ጋር መነጋገርን ለአብዛኛው የግል ድርጅት ሠራተኛ የ1935ቱ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ይጠብቀዋል። «ደመወዝህን ለማንም አትንገር» የሚል አለቃ ብዙ ጊዜ ራሱ ጥፋተኛ ነው።

«መብቱ ለዜጋ ብቻ ነው»

አይደለም። አምስተኛውና 14ኛው ማሻሻያ የሚሉት «ማንም ሰው» ነው። በ1886 የቻይና ዜጋ የነበረ የልብስ አጣቢ ቤት ባለቤት በሳን ፍራንሲስኮ ላይ የረታው በዚህ ቃል ነው። ለዜጋ ብቻ የተከለለው በዋነኛነት በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠትና ለኮንግረስ መመረጥ ነው። ግሪን ካርድ ይዞ ድምፅ መስጠት አገር እስከማስለቀቅ ያደርሳል፤ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ «መራጭ ልመዝግብህ?» ስትባሉ በዝምታ አትለፉት፣ አይሆንም በሉ።

«ፖሊስ ፊት ዝም ካልኩ መብቴ ተጠብቋል»

በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ብለን ያደግን ሰዎች ዝምታውን እንችልበታለን። ሕጉ ግን ዝም ማለታችሁን በአፋችሁ እንድትናገሩት ይፈልጋል። በ2010 በጠቅላይ ፍርድ ቤት በተወሰነ ጉዳይ አንድ ተጠርጣሪ ለሦስት ሰዓት ገደማ ከሞላ ጎደል ዝም ካለ በኋላ፣ በመተኮስህ እግዚአብሔር ይቅር እንዲልህ ትጸልያለህ ወይ ሲባል «አዎ» አለ። ያች አንዲት ቃል ማስረጃ ሆና ቀረበችበት። መብቴን እጠቀማለሁ አላለማ።

የጠበቃውም እንዲሁ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ይሉኝታችን ጠላታችን ነው። በ1994 «ምናልባት ጠበቃ ባነጋግር ይሻለኝ ይሆናል» ያለ ሰው ጥያቄው ግልጽ አይደለም ተብሎ ተረታ። እኛ ደግሞ የፈለግነውን ሁሉ የምንጠይቀው በ«ምናልባት» እና በ«ካላስቸገርኩ» ነው። ስለዚህ፦ በመኪና ስትቆሙ መንጃ ፈቃድ፣ የመኪናውን ምዝገባና ኢንሹራንስ አሳዩ። መኪናውን ልፈትሽ ከተባለ «አልፈቅድም» በሉ፤ ቢፈትሽም በእጅ አትከላከሉ። ቤት ከመጣ በሩን ሳትከፍቱ የዳኛ ፊርማ ያለበት ትዕዛዝ እንዲያሳይ ጠይቁ። ከተያዛችሁ «ዝም የማለት መብቴን እጠቀማለሁ፣ ጠበቃ እፈልጋለሁ» በሉ፤ ያለ ምናልባት፣ ያለ ይቅርታ። ከዚያ በኋላ ስለ አየሩም ቢሆን ወሬ አትጀምሩ፤ በራሳችሁ ፈቃድ ወሬ ከከፈታችሁ ጥያቄው ሊቀጥል ይችላል።